ባዶ የሌለው ካርድ

የሳውዲዋ ጅዳ ውስጥ ሐሪስ፣ ማለትም የሕንፃ ዘበኛ፣ ሆኖ የሠራ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሐሪስ በር ብቻ አይጠብቅም። ደረጃ ያጥባል፣ የተከራዮቹን መኪና ይወለውላል፣ የውሃ ቦቴ ሲመጣ ታንከር ያስሞላል፣ ከፎቅ «ያ ሐሪስ!» የሚል ድምፅ በተሰማ ቁጥር ደግሞ ወደ ባቃላው፣ ወደ ሰፈሩ ሱቅ፣ ይሮጣል። ኹብዝ (ዳቦ)፣ ለበን (የሚጠጣ እርጎ)፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ሲጋራ። ከሁሉም አብልጠው የሚልኩኝ ግን ካርት ግዛ ብለው ነበር። «ካርት ሰዋ፣ አቡ ዒሽሪን» ይሉኛል፤ የሃያ ሪያል የስልክ ካርድ መሆኑ ነው። አምጥቼ ስሰጥ፣ መነጽራቸው የጠፋባቸው ሴትዮ ወይም እጁ ሥራ የያዘ ጎልማሳ መልሶ ይዘረጋልኛል፤ «አንተው ፍቀህ ቁጥሩን አንብብልኝ።»

እኔ ጅዳ የገባሁት በ2001 ዓ.ም. ነው። ያኔ በየባቃላው የሚሸጠው የስልክ ሒሳብ በካርድ ነበር። በካርዱ ላይ ብርማ ቅብ አለ፤ በሳንቲም ወይም በጥፍር ሲፋቅ ይረግፍና ቁጥሩ ብቅ ይላል። ለሌላው ሰው የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው። እኔ ግን ከደሴ የወጣሁት ከዚሁ ነገር ሸሽቼ ነበር።

ስለ ደሴው ዘመኔ ብዙ አላወራም፤ የቁማርተኛ ታሪክ ከስሙና ከሰፈሩ በቀር ሁሉም አንድ ነው። ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የሚፋቅ ሎተሪ ከአዟሪ ላይ እገዛለሁ፣ እፍቃለሁ፣ ትንሽ ነገር ከወጣልኝ በዚያው ሌላ እገዛበታለሁ። ኪሴ ሲያልቅ የሱቁን መሳቢያ ነካሁ። ባለሱቁ ደግ ሰው ነበሩ፤ ለፖሊስ ሳይሆን ለእናቴ ነገሩ። እናቴ የጆሮ ወርቋን ሸጠች፤ ግማሹ ለዕዳዬ ሆነ፣ ግማሹ ለመንገዴ። «እዚያ ሐራም ነው፣ አያገኘውም፣ ይሂድልኝ» አለችው ለአጎቴ።

መደበኛው ሎተሪ እንዲህ አላደረገኝም። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ አገራችን ውስጥ ሰው የለመደው ትኬት ገዝቶ መጠበቅን ነው። አባቴ አንድ ትኬት ይገዛል፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይከታል፣ ዕጣው የሚወጣበት ቀን እስኪደርስ ይረሳዋል፤ ቁጥሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ አይቶ ይስቅና ወደ ሥራው ይሄዳል። የሚፋቀው ያንን ጥበቃ ነው ያጠፋው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ሎተሪ የመጀመሪያውን የሚፋቅ ትኬት ለሕዝብ ሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ዕጣውን በገዛ ጥፍሩ ያወጣል። ሦስት ተመሳሳይ ምልክት ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ ይመጡለታል። ሦስተኛው ሲቀር «ተበላሁ» አይልም፤ «ለጥቂት!» ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ለጥቂት መሳት አንጎል ውስጥ ሲያሸንፉ የሚነቁትን ክፍሎች እንደሚያነቃ አሳይተዋል። እኔ ይህን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው፤ ጥፍሬ ግን ቀድሞ ያውቀው ነበር።

ጅዳ ስገባ ነገሩ የቀረልኝ መስሎኝ ነበር። ሎተሪ አዟሪ የለም፣ የሚወራረዱበት ቡና ቤት የለም። ግን በየቀኑ የሚፋቅ ካርድ እጄ ላይ ያስቀምጡልኛል። የመጀመሪያውን ስፍቅ አፌ ደረቀ።

ልብ በሉ፤ የስልክ ካርድ ባዶ የለውም። ያኔ ሃያ ሪያል ይከፈልበት ነበር፣ የሃያ ሪያል ሒሳብ ይገባ ነበር። ሁሌ ይወጣል፣ አንዴም አይስትም። ያም ሆኖ ልቤ ልክ ደሴ ሳለሁ እንደነበረው ይመታ ጀመር። ያኔ ነው ሲያባርረኝ የኖረው ብር አለመሆኑ የገባኝ። ብር ቢሆን ኖሮ ያ ካርድ ምንም ባላለኝ። እኔ የምፈልጋት ቅቡ ከመነሣቱ በፊት ያለችውን፣ ገና ያልታወቀችውን ቅጽበት ነበር። ከሥር ያለው የሰው ስልክ መሙያ ይሁን ሚሊዮን ብር፣ ለእጄ ልዩነት አልነበረውም።

እየቆየ ለራሴም መግዛት ጀመርኩ። ደመወዝ በተቀበልኩ ማታ፣ አንድ ካርድ ሲበቃኝ፣ ብዙ ደርድሬ እፍቅ ነበር። ሒሳቡ መሄጃ ስላጣ ወደ ደሴ እደውላለሁ። እናቴ «ምነው ልጄ ስልኩ በዛ፣ ገንዘብህን አትጨርስ» ትለኛለች። ሱስ ሆኖ ለእናት የጠቀመ ቢኖር የኔው ብቻ ነው። ቢሆንም አላማረኝም። እጅ ባዶ በሌለው ካርድ ሲለማመድ ቆይቶ አንድ ቀን ባዶ ያለበትን ፍለጋ መውጣቱ አይቀርም።

ባቃላው ውስጥ የሚሠራው የሕንድ ኬራላ ሰው ነበር። አንድ ቀን ካርዱን ተቀብዬ መደርደሪያው ሥር ቆሜ ስፍቅ አየኝና ሣቀ፤ ቀጥሎ ሣቁን ተወው። የእሱ አገር ሎተሪ የሚያጫውተው የግዛቱ መንግሥት ራሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ። አጎቱ የቀን ገቢውን በዚያ ይጨርስ እንደነበር በተሰባበረ ዓረብኛ አጫወተኝ፤ እኔም በተሰባበረው የራሴን መለስኩለት። ከዚያ ቀን በኋላ ካርድ ስጠይቅ በመቀስ ጫፍ እሱ ራሱ ይፍቀዋል፣ ብርማውን ትቢያ ከባንኮኒው ላይ በእጁ ይጠርጋል፣ ከዚያ ይሰጠኛል። ተከራዮቹ «ለምን ተፍቆ መጣ?» ብለው ያጉረመርማሉ፤ ለራሴ እንዳልሞላሁት አስሞክሬ አሳያቸዋለሁ። ደሴ ሳለሁ ስንት ሽማግሌ ተሰብስቦ መክሮኛል። ያን ሁሉ ምክር የዚያ ሰው መቀስ በለጠው።

ሌላው ፈተና ሐሙስ ማታ ነበር። የሳውዲ የዕረፍት ቀን ያን ጊዜ ሐሙስና ዓርብ ነበር፤ ወደ ዓርብና ቅዳሜ የዞረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ነው። ደቡብ ጅዳ ውስጥ የወሎ ልጆች በጋራ የተከራዩት ክፍል አለ፤ ፍራሽ በፍራሽ ነው፤ ቡና ይፈላል፣ ኢሻ ይሰገዳል፣ ከዚያ ካርታ ይወጣል። መጀመሪያ በሻይ ነው፣ ከዚያ በአምስት ሪያል፣ ሌሊቱ ሲገፋ በሐምሳ። ሐራም መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። አንዱ እንዲያውም ለጨዋታው ማስረጃ አገኘለት።

«ሼኹ፣ አቡበክር ራሱ ከመካ ሙሽሪኮች ጋር ተወራርዶ የለም እንዴ?»

ሼኽ የምንላቸው የክፍሉን ታላቅ ነው። ሼኽነታቸው በቂርአት ይሁን በዕድሜ ጠይቄ አላውቅም። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ተወራርዷል» አሉ። የነቢዩ ባልደረባ የአቡበክር ታሪክ በተፍሲር፣ በቁርኣን ማብራሪያ፣ መጻሕፍት በተለያየ መንገድ ይነገራል። ሩም፣ ማለትም ቢዛንታይን፣ በፋርስ ድል በተደረገች ጊዜ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሳ ታሸንፋለች የሚል አንቀጽ ወረደ፤ ሙሽሪኮቹ፣ ጣዖት አምላኪዎቹ፣ ሣቁ፤ አቡበክር በግመል ተወራረደ። በኋላ ዓመቱም ረዘመ፣ ግመሉም ወደ መቶ አደገ። ሩም አሸነፈች።

«ታዲያ መቶውን ግመል ምን አደረገው?» አሉ ሼኹ።

ማንም አልመለሰም።

«ሰደቃ ሰጠው። ያውም ክልከላው ሳይጸና። አንተ አሁን ያሸነፍካትን ሰማንያ ሪያል ተነሥተህ ትሰጣለህ?»

ልጁ ሣቀና ካርታውን በወዘው። ሼኹ ወደኔ ዞሩ። ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ፣ እጄን በብብቴ ይዤ፣ ዓይኔን ከካርታው ሳላነሣ ተቀምጬ ነበር። ምን እንዳለብኝ አልነገርኳቸውም። «ተነሥ ልጄ፣ ሐረም እንሂድ» አሉኝ።

ሐረም ማለታቸው የመካው ታላቅ መስጊድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ማታ የኔና የእሳቸው ሆነ። ጅዳ ባብ መካ ላይ ታክሲዎቹ ቆመው «መካ፣ መካ! ነፈር፣ ነፈር!» ይጣራሉ፤ ሰው ሲሞላ ይነሣሉ። መንገዱ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሹመይሲ ኬላ ላይ ወታደሩ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ይጠይቃል፤ የኔን አሳያለሁ፣ ሼኹ ዱዓ ያደርጋሉ። የእሳቸው ኢቃማ ጊዜው ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ የሚያልፉት ፂማቸውንና የኢሕራም ልብሳቸውን አይቶ በሚያፍር ወታደር ነበር። መካ ስንገባ በሐረሙ ዙሪያ የግንባታ ክሬን፣ በላዩ ያ የሰዓት ግንብ፤ ሲያልቅ ቁመቱ 601 ሜትር ሆነ። ጠዋፉን፣ ማለትም ካዕባን መዞሩን፣ እና በሶፋና መርዋ መካከል ሰባቱን ጉዞ ጨርሰን፣ ዘምዘም ጠጥተን ምሰሶ ተደግፈን እንቀመጣለን። እዚያ ነው የፍላጻዎቹን ነገር የነገሩኝ።

ከእስልምና በፊት ካዕባ ውስጥ ሁበል የሚባል ጣዖት ነበረ፤ ፊቱ ሰባት ፍላጻ ተቀምጧል። የመካ ሰው ሊጋባ፣ ሊነግድ፣ የልጅ አባት ሊለይ ሲፈልግ ፍላጻ ያስወጣል። ነቢዩ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካን ሲይዙ ካዕባ ውስጥ ኢብራሂምና ኢስማዒል ፍላጻ ይዘው የተሣሉበት ሥዕል አገኙ፤ ሁለቱ በፍላጻ ዕጣ አውጥተው እንደማያውቁ ተናግረው ሥዕሉን አስወጡት። መይሲር የሚሉት ቁማርም ነበር። ግመል ይታረዳል፣ አሥር ፍላጻ ይወጣል፤ ሰባቱ ድርሻ አላቸው፣ ሦስቱ ባዶ ናቸው። ባዶ የወጣበት የግመሉን ዋጋ ይከፍላል፤ ያሸነፈው ሥጋውን ለድሃ ይሰጣል፣ በዚህም ይመሰገናል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ነው ያስገረመኝ። ትርፉ ለድሃ ይሄድ ነበር። ዛሬ በየአገሩ ሎተሪ ሲሸጥ የሚባለው ይኸው አይደል? ገቢው ለልማት፣ ለአረጋውያን፣ ለትምህርት ቤት። ቁርኣኑ ጥቅሙን አልካደም፤ ጥቅም አለው፣ ኃጢአቱ ግን ይበልጣል ነው ያለው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ቁማርን ከረገሙ ሰዎች ሁሉ ይልቅ ጥቅሙን አምኖ የከለከለውን አመንኩት። «ምንም አታገኝም» የሚለኝን ሰው አላምነውም ነበር፤ አንዳንዴ አግኝቻለሁና።

ሼኹ መድኃኒት ብለው የሰጡኝም ከሐዲስ ነው። ባልንጀራውን «ና እንቆምር» ያለ ሰው፣ ሳይቆምርም ለዚያች ቃል ሰደቃ ይስጥ ተብሏል። «አንተን የምትጋብዝህ እጅህ ናት፤ በጋበዘችህ ቁጥር አስከፍላት» አሉኝ። ጥሩ ነገር ነበር። እጄ ሲበላኝ የካርዱን ዋጋ ለሌላ ኪስ አዛውራለሁ፤ ሐሙስ ሲደርስ ሐረም ውስጥ ወለል ለሚጠርጉት የባንግላዴሽ ልጆች አከፋፍላለሁ።

ቁማርተኛ ግን ቁማርተኛ ነው። ጥቂት እንደቆየሁ ሰደቃውን እየሰጠሁ ዓይኔ ሌላ ቦታ ማየት ጀመረ። ዛሬ አሥር ሪያል ሰጥቻለሁ፤ ከፊሌ፣ አሠሪዬ፣ ደመወዝ ይጨምርልኝ ይሆን? ለዚህኛው ከሰጠሁ ይሻላል ወይስ ለዚያኛው? ባለፈው ግራ እጁን ለዘረጋው ልጅ በሰጠሁ ማግስት አንድ ተከራይ መቶ ሪያል ሸልሞኛልና ያንን ልጅ በሕዝቡ መሐል ስፈልግ ተገኘሁ። ለሼኹ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ ተቆጡ።

«ከአላህም ጋር ውርርድ ጀመርክ? ስትሰጥ ምንም አትለምን። ሰጥተህ ጀርባህን አዙር። ዱዓህን ለሌላ ሰዓት አቆየው።»

ከተመከርኩት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ሱሱ ከትኬት ወደ ስልክ ካርድ፣ ከስልክ ካርድ ወደ ሰደቃ ልብስ እየለወጠ ሲከተለኝ አየሁት። ሥራዬ ካርድ መተው ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ የማደርገውን ሁሉ ውጤቱን ሳልጠብቅ ማድረግ መልመድ ነበረብኝ።

ለዚህ ያገዘኝ ዕቁብ ነው። ዓርብ ዓርብ ሐበሻ የሚሰበሰብበት አንድ ቤት አለ፤ ቤት ሠራተኛ እኅቶች፣ ሾፌሮች፣ ሐሪሶች በየወሩ እንጥላለን። ዳኛዋ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ብርቱ የኮምቦልቻ ሴት ናት። የተጠቀለለ ወረቀት ብርጭቆ ውስጥ ይገባል፣ ይናጣል፣ አንዱ ይወጣል፣ ቤቱ በእልልታ ይቀልጣል። ዕቁብ ቁማር አይደለም። ባዶ የለውም፤ ሁሉም የጣለውን ያህል ይወስዳል፣ የሚለየው ጊዜው ብቻ ነው። እኔ ግን ብርጭቆው ሲናጥ መቀመጥ አቃተኝ። ወደ ጓዳ ተከትያት ገባሁ።

«እታለም፣ ስሜን ዕጣ ውስጥ አታስገቢው።»

«ምነው ወንድምዬ፣ ልትወጣ ነው?»

«አይደለም። ሁሉም ከወሰደ በኋላ የመጨረሻውን ስጪኝ።»

ቆማ አየችኝ። የመጀመሪያውን ዕጣ በልመና የሚፈልግ እንጂ የመጨረሻውን የሚለምን አጋጥሟት አያውቅም። ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፤ «እሺ፣ መጨረሻው የሱ ነው» ብላ ለቤቱ አወጀች። የመጨረሻውን ዕቁብ ስቀበል ለእናቴ የጆሮ ወርቅ ላክሁላት። ከሸጠችው ያነሰ ነው፤ እስከዛሬ ግን ታደርገዋለች።

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ሳውዲ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ለሚኖሩ ስደተኞች የሰጠችው የምሕረት ጊዜ አልፎ አፈሳው ሲጀመር ያ የካርታ ክፍል በአንድ ሳምንት ባዶ ሆነ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ተመለሱ፤ ሼኹም ከነሱ ጋር ሄዱ። ያን ሰሞን «ስደት ራሱ ሎተሪ ነው፣ ለወጣለት ይወጣለታል» የሚል ንግግር በሰው አፍ ሁሉ ነበር። አልስማማም። ቀይ ባሕርን በጀልባ የተሻገረች ልጅ ሞትን ተጋፍጣለች፤ ከዚያ በኋላ የላከችው ሪያል ግን በሳሙናና በብረት ምጣድ የተገኘ ደመወዝ ነው፣ ዕጣ አይደለም። ይህን የምለው ሁለቱንም ስለማውቃቸው ነው።

የስልክ ካርዱም እያደር ጠፋ። ባቃላው ቁጥሩን በማሽን ብጣሽ ወረቀት ላይ ማተም ጀመረ፤ ቀጥሎ ተከራዮቹ ራሳቸው ከስልካቸው ይሞሉ ጀመር። የኬራላው ሰው መቀሱን ለሌላ ሥራ አዋለው። ተገላገልኩ ስል ውርርዱ ራሱ ስልክ ውስጥ ገባ። አገር ቤትም እንደዚያው ነው። ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘብ በጣት ጫፍ ይሄዳል፤ ለእናት የሚላክበት ስክሪን ለቁማርም ይከፈልበታል። ቅብ የለም፣ ጥፍር የለም፣ አዟሪ ፊት ቆሞ ማፈር እንኳ የለም። የሚፋቀው ሎተሪ ቢያንስ ጣትን ያቆሽሽ ነበር።

ለዕረፍት ደሴ የገባሁት ጳጉሜን ላይ ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ሎተሪ በየመንገዱ ይሸጣል። ቤት ተሰብስበን ቡና እየጠጣን የአክስቴ ልጅ ከኪሱ አውጥቶ አንድ የሚፋቅ ዘረጋልኝ፤ «ለበረካ ነው፣ አንዲት ብቻ» አለኝ። አልፈልግም አልኩት። «ከመካ መጥተህ ዕድልህ ካንተ ጋር ነው!» አለ፣ ቤቱ ሣቀ። እንደገና አልፈልግም አልኩ። «ኧረ አትኩራ፣ ከሳውዲ ስለመጣህ የአሥር ብር ነገር ናቅህ?» እጄ ጭኔ ሥር ነበረች። ያዳነኝ ብርታቴ አይመስለኝም፤ እናቴ ጀበናውን አስቀምጣ ትኬቱን ከእጁ ወሰደችና ከሰሉ ላይ ጣለችው። የአክስቴ ልጅ እስከዛሬ ቅር ብሎታል። ሚሊዮን ነበረበት ይላል።

እንግዲህ ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አለኝ። አንድ ሰው «ሎተሪ አልፈልግም» ቢላችሁ ሁለተኛ አትጋብዙት፤ «አንዲት ብቻ ምን ትለዋለች» አትበሉት። ከዓረብ አገር የተመለሰ ልጃችሁም ገንዘቡን በእናቴ ስም አስቀምጡልኝ፣ ስልኬ ላይ ብር አታስገቡልኝ ካላችሁ፣ ለምን ብላችሁ አትመርምሩት። እንዳለው አድርጉለት።